ድያ፣ ዜውስ፣ ጁፒተር፦ የግሪክና የሮም ስሞች ወደ ግእዝና ወደ አማርኛ የገቡባቸው በሮች

1. መነሻ

በአማርኛ መጻሕፍት ውስጥ አንዲት የግሪክ እንስት አምላክ በሦስት ስም ትጠራለች። የሐዋርያትን ሥራ የሚያነብ ሰው አርጤምስ ሆና ያገኛታል፤ የዓለም ታሪክ የሚያጠና ተማሪ አርቴሚስ ይላታል፤ ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ ድርሰት የሚያነበው ደግሞ ዲያና በሚለው የሮማውያን ስሟ ይተዋወቃታል። ሦስቱ አንባብያን ቢገናኙ ስለ አንዲት አምላክ እንደሚነጋገሩ ላይታወቃቸው ይችላል። አንድ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው የጻፈውን እርስ በርሱ ማገናኘት ሲሳነው ጉዳቱ ከፊደል አጣጣል ክርክር ያለፈ ነው፤ የተማረው ነገር በየክፍሉ ተዘግቶ ይቀርበታልና።

ይህን መዘበራረቅ ብዙዎች የተርጓሚዎች ግድየለሽነት ውጤት አድርገው ይቈጥሩታል። እኛ ግን ጉዳዩ ከዚህ የተለየ ነው እንላለን። የግሪክና የሮም ስሞች ወደ ቋንቋችን የገቡት በአንድ በር ሳይሆን በአራት በሮች ነው፤ እያንዳንዱም በር የራሱ ዘመን፣ የራሱ አስተርጓሚ ቋንቋና የራሱ የድምፅ ሕግ ነበረው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ አንዱን መልክ ትክክል፣ ሌላውን ስሕተት ከማለቱ በፊት ቃሉ በየትኛው በር እንደገባ ማወቅ አለበት። በዚህ ጽሑፍ አራቱን በሮች በየተራ ከመረመርን በኋላ የላቲን ሐረጎችን አተረጓጐም እናያለን፤ በመጨረሻም ለአዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ይበጃል የምንለውን ሐሳብ እናቀርባለን። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

2. የመጀመሪያው በር፦ አምላክን በአምላክ መተርጐም

ግሪክኛ በአኵስም ዘመን የንግድና የመንግሥት ቋንቋ ነበር። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መመሪያ፣ ማለትም ፔሪፕሉስ፣ በዚያ አካባቢ ይገዛ የነበረውን ዞስካሌስን የግሪክ ጽሕፈት ዐዋቂ አድርጎ ይጠቅሰዋል። የአኵስም ነገሥታት በወርቅ ገንዘባቸው ላይ ያስቀረጹት ጽሕፈትም ግሪክኛ ነው። እንግዲህ የግሪክ አማልክት ስሞች ወደዚህ አገር የመጡት ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ሳይሆን ከዚያ እጅግ ቀድመው ነው።

በንጉሥ ካሌብ ዘመን፣ በ525 ገደማ፣ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ሁለት የግሪክኛ ጽሕፈቶችን ገልብጦ አቆይቶልናል። አንደኛው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በግብጽ የነገሠው የሣልሳዊ በጥሊሞስ ሲሆን፣ ንጉሡ በአባቱ በኩል ከሄራክሌስ፣ በእናቱ በኩል ከዲዮኒሶስ እንደሚወለድ ይናገርበታል። ሁለተኛው ስሙ ያልተገኘ አንድ የአኵስም ንጉሥ በዕብነ በረድ ዙፋን ላይ ያስቀረጸው ነው። ኮስማስ ሁለቱን እንደ አንድ ጽሕፈት ቈጥሯቸዋል። በሁለተኛው ጽሕፈት የአኵስሙ ንጉሥ ስለ ድሎቹ አሬስን ወላጄ ብሎ ያመሰግናል፤ በአዱሊስም ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሰይዶን መሥዋዕት እንዳቀረበ ይገልጻል።

ከዚህ ተነሥቶ አኵስማውያን የግሪክን አማልክት ያመልኩ ነበር ብሎ መደምደም ይቻላልን? አይቻልም። ምክንያቱን የሚሰጠን የንጉሥ ኢዛና ጽሕፈት ነው። ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት፣ ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት፣ አንዱን የዘመቻ ታሪክ በግእዝና በግሪክኛ አስቀርጾታል። በግሪክኛው ጽሕፈት ራሱን የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ሲል፣ በግእዙ በዚያው ቦታ የማሕረም ልጅ ይላል። ማሕረም የአኵስም ነገሥታት የጦርና የትውልድ አምላክ ነበር። አሬስ ደግሞ የግሪኮች የጦር አምላክ ነው። ስለዚህ የግሪክኛው ጸሓፊ ማሕረምን በፊደል አልገለበጠውም፤ ለግሪክ አንባቢ ሥራውን በሚያስረዳ ስም ተረጐመው እንጂ። ዜውስን ከዐስተር ጋር የሚያስተካክሉ ሊቃውንት አሉ፤ ለፖሰይዶንም ተመሳሳይ አቻ ተፈልጎለታል። የእነዚህ ማስረጃ ግን እንደ ማሕረምና እንደ አሬስ የጠነከረ አይደለም።

ይኸው ጽሕፈት ከአማልክት ስም የሚበልጥ ነገርም ይዟል። ንጉሡ የሚገዛቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር በግእዙ ሐበሠት ያለውን ግሪክኛው ኢትዮጵያውያን በሚለው ቃል ተክቶታል። የግሪክኛው ቃል ፊታቸው በፀሐይ የጠቈረ ማለት ሲሆን፣ በጥንት ግሪኮች ዘንድ ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ የሚያመለክት ስም ነበር። በሆሜር ድርሰት አማልክቱ ለግብዣ የሚሄዱባት ኢትዮጵያ፣ በተረትም የንጉሥ ቄፌውስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ አንድሮሜዳ ለባሕር አውሬ የታሰረችባት ኢትዮጵያ የዚያ ሰፊ አጠራር ክፍሎች ናቸው። ተርጓሚ እነዚህን ቦታዎች ሲያገኝ የዛሬዪቱን ኢትዮጵያ ወሰን ይዞ መግባት የለበትም። በሌላ በኩል ግን ስሙ ከውጭ ብቻ የተለጠፈ ነው የሚለውም አባባል የኢዛናን ጽሕፈት ይዘነጋል፤ በዚያ ጽሕፈት ላይ ሐበሠትን ኢትዮጵያውያን ብሎ የተረጐመው የአኵስም ቤተ መንግሥት ነውና።

3. ሁለተኛው በር፦ በግሪክኛ በኩል መገልበጥ

አኵስም ክርስትናን ከተቀበለች በኋላ መጻሕፍተ ብሉያትና መጻሕፍተ ሐዲሳት ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ሲመለሱ የአሠራሩ መንገድ ተለወጠ። የጣዖት ስም በአገር አምላክ ስም ሊተረጐም ከእንግዲህ አልተቻለም፤ ማሕረምም ቦታውን ለእግዚአ ሰማይ ለቅቆ ነበር። ስለሆነም ስሞች በድምፃቸው ተገለበጡ። ይህም ሥራ በዘፈቀደ አልተከናወነም።

ግሪክኛ ሦስት ጥንድ ድምፆችን ይለያል፦ ፒን ከፊ፣ ታውን ከቴታ፣ ካፓን ከኪ። በየጥንዱ የመጀመሪያው እስትንፋስ የሌለው፣ ሁለተኛው በጥንቱ አነጋገር እስትንፋስ የታከለበት ነበር። የግእዝ ተርጓሚዎች የመጀመሪያዎቹን በፈንጂ ድምፆች፣ ማለትም በጰ፣ በጠና በቀ ሲጽፏቸው፣ ሁለተኞቹን በፈ፣ በተና በከ ጻፏቸው። ሕጉን ለማየት ሦስት ስሞች ይበቃሉ። ፊልጶስ በሚለው ስም ውስጥ ፊ ወደ ፈ፣ ፒ ወደ ጰ ሄደዋል፤ ጢሞቴዎስ በሚለው ታው ወደ ጠ፣ ቴታ ወደ ተ፤ ቲኪቆስ በሚለው ደግሞ ኪ ወደ ከ፣ ካፓ ወደ ቀ። እርግጥ ሕጉ ያለ ልዩ ሁኔታ አይደለም። ክርስቶስ የሚለው ስም ራሱ፣ ቲቶም፣ የቲኪቆስም የመጀመሪያ ፊደል በጠ ፈንታ ተን ይዘዋል። ሆኖም በብዙኃኑ ስሞች የሚታየው ወጥነት የተርጓሚዎቹን ጥንቃቄ ይመሰክራል።

የሮም ስሞችም የገቡት በዚሁ በር ነው። የላቲን ስም በቅድሚያ የግሪክኛ ልብስ ይለብሳል፤ መጨረሻው ኡስ የነበረው ኦስ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ግእዝ ይሻገራል። በዚህ መንገድ ፓውሉስ ጳውሎስ፣ ማርኩስ ማርቆስ፣ አውጉስቱስ አውግስጦስ፣ ዩሊዩስ ዩልዮስ፣ ካይሳር ቄሣር ሆኑ። ክላውዲዩስ የሚለው የሮማውያን የቤተ ሰብ ስም በሐዋርያት ሥራ ቀላውዴዎስ ሲሆን፣ በሌላ መልኩ ገላውዴዎስ ተብሎ ከ1540 እስከ 1559 የነገሠው የኢትዮጵያ ንጉሥ ስም ሆኗል። ከ1711 እስከ 1716 የነገሠው ዮስጦስ በላቲን ጻድቅ ማለት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ቈስጠንጢኖስ በሚል የሮም ንጉሥ ስም ነበር። ስለዚህ የላቲን ስሞች ለአማርኛ እንግዳ ናቸው የሚል ሰው የነገሥታቱን ዝርዝር አልተመለከተም።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያን ያወገዘቻቸው የአማልክት ስሞች በሰዎች ስም ውስጥ ተሸሽገው ቀርተዋል። ለባሕረ ሐሳብ ድርሰት በትውፊት ባለቤት የሚሆነው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ድሜጥሮስ፣ የስሙ ትርጉም የዴሜጥር ወገን፣ ማለትም የእህል አምላክ የተባለችው ወገን ማለት ነው። በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የተወገዘውና በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንደ ቅዱስ የሚከበረው ዲዮስቆሮስ የዜውስ ልጅ የሚል ስም ተሸክሟል፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 በመርከቡ ላይ የተጠቀሰው ዲዮስቆሮስም የዜውስ መንታ ልጆች የካስቶርና የፖሉክስ መጠሪያ ነው። ዘመነ መንግሥቱ በ284 የጀመረው፣ ዓመተ ሰማዕታትም የሚቈጠርበት ዲዮቅልጥያኖስ፣ መነሻ ስሙ የዜውስ ክብር ማለት ነው። አሳዳጁና ቅዱሱ በአንድ ጣዖት ስም ይገናኛሉ። አጵሎስ ከአፖሎን፣ ዲዮናስዮስ ከዲዮኒሶስ ይመዘዛሉ። አርዮስፋጎስ የአሬስ ኮረብታ ሲሆን፣ በ325 በኒቅያ የተወገዘው የአርዮስ ስም ደግሞ ያው የአሬስ ወገን የሚለው ቅጽል ነው። አንባቢ አርዮስፋጎስን ከመናፍቁ ጋር ቢያያይዘው ታሪኩን ይስታል፤ የቃሉን ዘር ግን አልሳተም።

በዚህ በር የገቡት ስሞች ሁሉ ግን በባለቤት መልካቸው አልገቡም። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14፣ የልስጥራ ሰዎች ለበርናባስና ለጳውሎስ ያወጡላቸው ስሞች ድያና ሄርሜን ተብለው ተጽፈዋል። ድያ የዜውስ፣ ሄርሜን የሄርሜስ ስም በግሪክኛ ተሳቢ ሲሆን የሚይዘው መልክ ነው። በግሪክኛው ዐረፍተ ነገር ሁለቱም ተሳቢዎች ነበሩ፤ አማርኛው ከነሙያቸው ወሰዳቸው። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቍጥር ግሪክኛው ወደ ዘርፍ መልክ ሲለወጥ አማርኛው በድያ ጸንቷል። ይህም የሚያሳየው ድያ በአማርኛ ራሱን የቻለ ስም ሆኖ መቈጠሩን ነው። በውጤቱም መጽሐፍ ቅዱስን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ዜውስ የሚል ስም ሲሰማ ከድያ ጋር የሚያገናኝበት አንዳች የድምፅ ምልክት የለውም።

4. ሦስተኛው በር፦ በዐረብኛ በኩል

ከ13ኛው መቶ ዓመት ወዲህ አብዛኞቹ የግእዝ ትርጕሞች ከዐረብኛ የተገኙ ናቸው። ዐረብኛ የፐ ድምፅ የለውም፤ አጫጭር አናባቢዎችንም በተለምዶ አይጽፍም፤ ብዙ ፊደላቱም የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የግሪክ ስም በዐረብኛ አልፎ ግእዝ ሲደርስ ከሁለተኛው በር እጅግ የራቀ መልክ ይይዛል። በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ ፕላቶንን አፍላጦን የሚለው ዐረብኛው አፍላጡን ስላለው ነው። ስሙ በቀጥታ ከግሪክኛ ቢመጣ ኖሮ በሕጉ መሠረት ጵላጦን በሆነ ነበር።

በዚህ በር ከገቡት ሁሉ የላቀ ዋጋ ያለው የዮሐንስ ዘኒቅዩስ የታሪክ መጽሐፍ ነው። ዮሐንስ በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በግብጽ ጳጳስ ነበር፤ መጽሐፉ በ1602 ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተተረጐመ፤ ዛሬ የሚገኘውም በግእዝ ብቻ ነው። በዚህ መጽሐፍ ክሮኖስ፣ ዜውስና ሄርሜስ እንደ ጥንት ነገሥታት ሆነው ይቀርባሉ፤ ክርስቲያን ጸሓፊዎች ተረቱን ሳያመልኩት ለመተረክ የተጠቀሙበት ዘዴ ይህ ነበር። ስለዚህ የግሪክ ተረት በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ቢያንስ ከ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ሲነበብ ኖሯል። ከስሞቹ መካከል ግን የተዛነፉ ስላሉ፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የተዛነፈውን መልክ የግእዝ ትክክለኛ አጠራር አድርጎ እንዳይወስድ መጠንቀቅ አለበት።

የፕላኔቶች ስሞችም ከዚሁ በር ናቸው። በሐሳበ ከዋክብት መጻሕፍት ዙሐል፣ ሙሽተሪ፣ መሪክ፣ ዙህራና አጣርድ የሚባሉት ዘመናዊው መማሪያ ሳተርን፣ ጁፒተር፣ ማርስ፣ ቬኑስና ሜርኩሪ የሚላቸው ናቸው። የዐረብኛዎቹ ስሞች ከግሪክና ከሮም አማልክት ጋር የድምፅ ዝምድና የላቸውም። በተለይ ተርጓሚን የሚያሳስተው ሜርኩሪ ነው፤ በእንግሊዝኛ አንዱ ቃል የሮምን አምላክ፣ ፕላኔቱንና ፈሳሹን ብረት ይሰይማል፤ በአማርኛ ግን አምላኩ በመጽሐፍ ቅዱስ ሄርሜን በሚለው የግሪክ አቻው፣ ፕላኔቱ በአጣርድ፣ ብረቱ በባዜቃ ይታወቃሉ።

5. አራተኛው በር፦ የአውሮፓ ቋንቋዎች

አራተኛው በር ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው ከእኛ ወደ እነርሱ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 በሮም ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኝቶ፣ በኋላም በጀርመን አገር አብሮት ሠርቶ ባገኘው ዕውቀት የግእዝ መዝገበ ቃላቱን በ1661፣ የአማርኛውን በ1698 አሳተመ። ሁለቱም ቃላቱን የሚፈቱት በላቲን ነው። ዲልማን በ1865 ያወጣው ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላትም ፍቺው ላቲን ነው። ስለዚህ ላቲን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሥራ የመጀመሪያው የፍቺ ቋንቋ ነበር፤ የአማርኛን ቃል ታሪክ የሚመረምር ሰው ዛሬም ያለ ላቲን ሩቅ አይሄድም።

የተገላቢጦሹ ጕዞ ግን በላቲን ሳይሆን በፈረንሳይኛ፣ በጣልያንኛና በእንግሊዝኛ በኩል ሆነ። ከበደ ሚካኤል በ1940ዎቹ ዓ.ም. ስለ ቀርጣግናው የጦር መሪ የጻፉት ተውኔት አኒባል መባሉ የፈረንሳይኛን አጠራር ያስታውሳል፤ ፈረንሳይኛ የመጀመሪያውን ሀ አያሰማምና። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ ሲሆን ሃኒባል፣ ጁሊየስ ሲዘር፣ ኦገስተስ፣ ሄርኩሊስ የሚሉት መልኮች በረከቱ። የሮሙን አፈ ጉባኤተኛ፣ የንግግር ሊቁን ኪኬሮን፣ በእንግሊዝኛ በኩል የሚያገኘው ሲሰሮ፣ በጣልያንኛ በኩል የሚያገኘው ቺቸሮ ይለዋል። የጥንት ሮማውያን ግን ያን ፊደል ሁልጊዜ እንደ ከ ያነቡት ስለ ነበር ግሪኮች በካፓ ጻፉት፤ ቄሣር የሚለው የእኛ መልክ ለጥንቱ አነጋገር ከሲዘር የቀረበው በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪው አውግስጦስን ከልደት ታሪክ፣ ኦገስተስን ከታሪክ ክፍል፣ ኦገስትን ከቀን መቍጠሪያ ያገኛል፤ ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚነግረው መዝገበ ቃላት ግን በእጁ የለም።

6. የላቲን ሐረጎች፦ ቃሉን ወይስ ሥራውን?

ስሞች ሲገለበጡ፣ በሕግና በመንግሥት አስተዳደር የሚሠራባቸው የላቲን ሐረጎች በአብዛኛው ተተርጕመዋል። በዚህ ረገድ የአማርኛ ተርጓሚዎች የአኵስምን ጸሓፊ መንገድ ሳያስቡት ተከትለዋል፤ ቃሉን ትተው ሥራውን ተርጕመዋልና። የሥራቸውን ውጤት በአራት ምሳሌዎች እንመልከት።

ሴናቱስ የሚለው የሮም ቃል ሽማግሌ ከሚለው የወጣ ሲሆን የሽማግሎች ጉባኤ ማለት ነው። የ1931 ሕገ መንግሥት ይህን መሰሉን አካል የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አለው። የሽምግልናው ሐሳብ ቀርቶ የሥራው ድርሻ ተሰየመ። ስሙ ከምክር ቤቱ ጋር በ1974 ከአገልግሎት ቢወጣም በአሠራሩ ግልጽ ነበር።

ቬቶ በላቲን እከለክላለሁ ማለት ነው። በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ላለው ሥልጣን ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት የሚለው አማርኛ ተለምዷል፤ በዚያ ቦታም የተዋጣ ነው። ነገር ግን አንድ ፕሬዚዳንት ምክር ቤት ያጸደቀውን ሕግ ሲያግድ ድምፅ አይሰጥም። እዚህ ላይ ያው ሐረግ ቢገባ አንባቢን ያደናግራል፤ ሕግን የማገድ ሥልጣን ማለት ይሻላል። ሥራን የሚተረጕም ሐረግ ሥራው በተለወጠ ጊዜ አብሮ መለወጥ ያስፈልገዋል።

ኮረም በላቲን ከእነርሱ መካከል የሚል ፍቺ ያለው፣ ከሹመት ደብዳቤ ውስጥ ተቈርጦ የቀረ ቃል ነው። አማርኛ ምልዓተ ጉባኤ ብሎታል። ቃሉ ያማረ ነው፤ ሆኖም ሁለት ፍቺ ይዟል። በ1995 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 መሠረት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከግማሽ በላይ የሆኑት አባላት መገኘት ምልዓተ ጉባኤ ነው፤ በቅዱስ ሲኖዶስ አጠራር ግን ምልዓተ ጉባኤ ጠቅላላው የአባቶች ጉባኤ ነው። አንዱ የሚበቃውን ቍጥር፣ ሌላው ሙላቱን ይናገራል። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱን ለይቶ በቍጥር ማስቀመጥ አለበት።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ሃቤያስ ኮርፑስ በላቲን አካሉን ይዘህ ቅረብ እንደ ማለት ነው፤ ትእዛዙ ለአሳሪው ሲሆን፣ የታሰረውን ሰው በዳኛ ፊት አቅርቦ የእስራቱን ምክንያት እንዲያስረዳ ያዝዛል። በ1965 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ በአንቀጽ 177 እና በሚቀጥሉት የደነገገውን ይህን አቤቱታ በአማርኛ አካልን ነፃ ማውጣት እንለዋለን። ላቲኑ የሚጠይቀው መቅረብን ነው፤ አማርኛው የሚሰይመው መፈታትን ነው። የታሰረ ሰው ቤተ ሰብ ቃሉን ሲሰማ አቤቱታው ራሱ የሚያስፈታ ሊመስለው ይችላል፤ ዳኛው እስራቱ ሕጋዊ ነው ቢል ቃል እንደ ታጠፈበት ይቈጥረዋል። በሌላ በኩል የአማርኛው ስም የሕጉን የመጨረሻ ዓላማ ስለሚናገር፣ ከላቲኑ ይልቅ ለተራው ሰው መብቱን ያሳውቀዋል። እኛ ስሙ ይለወጥ አንልም፤ ሥር ሰዷልና። ፍቺው ግን መቅረብን፣ መመርመርንና መፈታትን በቅደም ተከተል ማስረዳት ይገባዋል እንላለን።

7. ምን ይደረግ?

ከላይ ከተመለከትነው ተነሥተን አራት ሐሳቦችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በግሪክኛ በኩል የገባና በአማርኛ አንባቢ ዘንድ የኖረ ስም ዋና ግቤት ይሁን። አርጤምስ፣ አውግስጦስ፣ ቄሣር፣ ቀላውዴዎስ በዋናነት ይግቡ፤ አርቴሚስ፣ ኦገስተስና ሲዘር ወደ እነርሱ የሚመሩ ግቤቶች ይሁኑ። ተማሪው ጁሊየስ ሲዘርን ለምዷል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ልማዱን አንክድም፤ የሚመራ ግቤት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን የኋለኛው መልክ የእንግሊዝኛ አፍ የፈጠረው እንጂ ሮማዊ አይደለም፤ ቄሣርን የሚያህል ነባር ቃል እያለን ሌላውን የምናስቀድምበት ምክንያት አይታየንም።

ሁለተኛ፣ ነባሩ መልክ በተሳቢነት የደረቀ ወይም በቅጂ የተዛነፈ ከሆነ፣ ዋናው ግቤት የባለቤት መልክ ይሁን። ዜውስና ሄርሜስ ዋና ግቤት፣ ድያና ሄርሜን ደግሞ ምክንያታቸው ተገልጾ የሚመሩ ግቤቶች ይሆናሉ። የመጽሐፍ ቅዱሱ ጽሑፍ አይነካም፤ የአንባቢው መንገድ ብቻ ይጠረግለታል።

ሦስተኛ፣ አዲስ የሚገቡ ስሞች ከእንግሊዝኛ አጠራር ሳይሆን ከግሪክኛው ወይም ከላቲኑ ይወሰዱ። ለእነዚህ ጰን፣ ጠንና ቀን እንደ ግዴታ አንጠይቅም፤ ፕሮሜቴውስን ጵሮሜቴውስ ማለት የጥንቱን ሕግ ያለ ጥቅም ማስመሰል ይሆናል። የግሪክን አምላክ በሮም አቻው መተካት ግን አይገባም፤ ደራሲው ዜውስ ካለ ተርጓሚው ጁፒተር አይበል።

አራተኛ፣ የላቲን ሐረግ ሲተረጐም ቃል በቃል ፍቺው በግቤቱ ውስጥ ይመዝገብ፤ የአማርኛው አቻም ቢያንስ በሁለት ልዩ ልዩ የአገልግሎት ቦታዎች ተፈትኖ ይጽደቅ። ድምፅን በድምፅ መሻር በአንዱ ቦታ ሠርቶ በሌላው መሰናከሉ የዚህን አስፈላጊነት ያሳያል።

እነዚህ ሐሳቦች በሥራ ሲውሉ ምን እንደሚመስሉ ለማሳየት አንድ የግቤት ናሙና አዘጋጅተናል፤ አስተያየት እንዲሰጥበትም እናቀርበዋለን።

አሬስ፣ ስም፣ ከግሪክኛ። በግሪኮች እምነት የጦር አምላክ። በአኵስም የግሪክኛ ጽሕፈቶች ለማሕረም አቻ ሆኖ የገባ፤ ማሕረምን ተመልከት። ከስሙ የወጡ፦ አርዮስፋጎስ፣ የአሬስ ኮረብታ፣ በአቴና የነበረ የፍርድ ሸንጎ፤ አርዮስ፣ የሰው ስም። በሮማውያን ዘንድ አቻው ማርስ፤ ከዚህኛው ጋር የሚዛመዱ፦ ማርች፣ የአውሮፓውያን ወር፤ ማርቆስ፣ የሰው ስም። በማርስ ስም ለሚጠራው ፕላኔት መሪክን ተመልከት።